በጋው የሰማው፣ ክረምቱ የከሊፋ

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ሰማው ጥማድ በሬዎቹን ሸጦ ለንግድ ሶላሮች ሲገዛ፣ በሞጣ ያልሳቀበት ሰው ቢኖር ከሊፋ ብቻ ነበር።

ከሊፋ ደግሞ የላምባ ነጋዴ ነው። አህያውን ጀሪካን ጭኖ በየመንደሩ እየዞረ ይሸጣል። የእሱና የሰማው አባቶች ወዳጆች ነበሩ፤ ልጆቹም ለፋሲካም ለኢድም ሳይጠራሩ ውለው አያውቁም።

«የሰማው ፀሐይ የአንተን ላምባ ይገድለዋል ይሉኛል» አለው ከሊፋ። «እስቲ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ከየት ታመጣለህ? በጋው የአንተ፣ ክረምቱ የእኔ ይሁን። አንድ ሱቅ እንክፈት።»

ተስማሙ። ሞጣ ላይ ሱቅ ተከራዩ፤ ቁልፉን ከሊፋ ያዘ። የቀረው ገዢ ነው። ገበሬ ደግሞ በዓይኑ ሳያይ አይገዛም። ስለዚህ ሰማው ከሞጣ ወጣ ብላ ባለችው መንደር፣ ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት አንዱን ሊያሳይ አሰበ። መብራቱ ከበራ በሬዎቹ ይመለሳሉ። ካልበራ መጪውን ክረምት በሬ ሲለምን ሊከርም ነው።

ፀሐይ የሚቀበለውን የሶላሩን መስተዋት ጓሮ ካለው ከጥጃው ቤት ክዳን ላይ አሰረው። እናቱ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከሥር ቆመው ያያሉ።

«ለመሆኑ በምንድን ነው የሚበራ?»

«ባትሪ አለው» አለ ሰማው፣ ሽቦውን በጥርሱ እየላጠ። «ብቻ እማሆይ፣ በሬዎቼ እዚህ ላይ ናቸው። አደራዎን!»

«በሥላሴ! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቅልህ።»

እማሆይ ዕቃ ያዥ ናቸው። አምና የገዛላቸው የፕላስቲክ ወንበር ግቢ ውሎ ውሎ ሲሰበርባቸው እንደ ሰው ነው ያዘኑለት።

የመጀመሪያው ማታ ቤቱ ቦግ አለ። መንደሩ ተሰብስቦ እልል አለ፤ ስድስት ሰው «ለእኔም» ብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲያ ግን መብራቱ ራት ሳይበላ ይጠፋ ጀመር።

«ሰማው፣ ኩራዝ እናውስህ?» ይላል ጎረቤት። የተመዘገቡትም አንድ በአንድ ቀሩ።

ሽቦውን ፈትቶ ገጠመ፤ ባትሪውን ቀየረ። ወይ ፍንክች! ማለዳ ለገበያ ወጥቶ ሲመሽ ስለሚመለስ ቀን የሚሆነውን አያይም። እማሆይ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ይቀበሉታል። መስተዋቱም እንዳሰረው አለ።

አንድ ነገር ግን አስተዋለ። እሑድ እሑድ መብራቱ እስኪነጋ ይበራል። እሑድ መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውል ከሊፋ አይመጣም። ሰማዩ ደመና ለብሶ በዋለበት ቀንም መብራቱ ይሻለዋል። ደመና ሲሆን ከሊፋ ዝናብ ፈርቶ አህያውን አይጭንም።

«እኔ አፌን በቆረጠው» አሉ ጎረቤታቸው አያ ታዘበው። «ግን ዕለት ዕለት በቀትር የከሊፋ አህያ ከደጃችሁ ቆሞ አያለሁ። ላምባ ሻጭ ለሶላር ምን ደግ ያስባል?»

ሰማው ተቆጣቸው። ይሁን እንጂ ነገሩ ሆዱ ገባ። በማግስቱ ከመስተዋቱ ጠርዝ ነጭ ክር ተጠልፎ አገኘ። ከሊፋ ራሱ ላይ ነጭ ነጠላ ይጠመጥማል። በዚያ አገር ነጭ የማይለብስ ማን አለ? የጠረጠረ ሰው ግን ይህን አይጠይቅም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሊፋ የተጠራበትን ሲሰማ ሳቀ፤ ሌላ የሚስቅ እንደሌለ ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ወላሂ እጄን አላሳረፍኩበትም» አለ። «ከደጅ የእማሆይን ውሃ ጠጥቼ ነው የማልፍ። ጓሯችሁን አላውቀውም።»

አያ ታዘበው ወደ እማሆይ ዞሩ። «እርስዎ ቤት ነው የሚውሉ። ከከሊፋ ሌላ ወደዚህ ቤት ዝር ያለ ሰው አይተዋል?»

እማሆይ ውሸት አያውቁም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አሰቡ።

«ማንም አልመጣ» አሉ። «እሱ ብቻ ነው። ግን ምን አደረገ ልጄ? ውሃውን ጠጥቶ፣ መርቆኝ ነው የሚሄድ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይገኛል?

«እንግዲያው ይማልልን» አለ አንዱ።

ከሊፋ ሰማውን አየው። «አንተም ታምናለህ?»

ሰማው አንገቱን ደፋ።

«ለሽማግሎቹ እምላለሁ። ለወንድሜ ግን አልምልም» አለ ከሊፋ። «እሱ ካላመነኝ መሐላዬ ምን ሊሠራለት?»

የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰማው እግር ሥር አኖረው። አህያውን ፈትቶ ሄደ። በማግስቱ ጧት ከነልጆቹ ዕቃውን ጭኖ ወደ ቢቸና መሄዱ ተሰማ።

ሰማው የዚያን ዕለት ገበያ የሚወጣበት ጉልበት አጣ። ጓዳ ተጋደመ። አብሮ አደጉን አጥቷል። ቢያንስ ዛሬ መብራቱ ይበራል፣ እያለ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከጓሮ ኮሽታ ሰማ። ደሙ ፈላ። ዱላውን አንሥቶ በጥጃው ቤት በኩል ዞረ።

እማሆይ ድንጋይ ላይ ቆመው ወደ ክዳኑ ተንጠራርተዋል።

«እሰይ መጣህ! በል የጋቢዬን ጫፍ ያዝልኝ» አሉት። «አንተ በዚህ ንዳድ ፀሐይ ጥለኸው ስትሄድ፣ እኔ ዕለት ዕለት ባልሸፍንልህ ኖሮ ይኼኔ እንደ ወንበሬ ተሰነጣጥቆ ነበር።»