የቅዳሜ መድኃኒት

«በባዶ ሆድሽ ነሽ አይደል?» ሁዳ ከዘንቢሏ ጥቁሩን መድኃኒት አውጥታ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችው። «በይ ጨልጪው። እኔ ስቀቅለው ቢስሚላህ ብያለሁ፤ አንቺ ደግሞ በስመ አብ በይበት።»

አሰፋች ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ትናንት ሐኪሙ እግሯን በመርፌ ጫፍ እየነካካ «ይሰማዎታል?» ሲላት፣ ምኑ ይሰማት! «ነርቭዎ ተጎድቷል። የሚጠጡት ሥራሥር ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ ያቁሙት፤ አለዚያ መራመድም ሊያቅትዎ ይችላል» ነበር ያላት።

ለሁዳ ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? የእሪ በከንቱ ሰፈር ቤቶች ሲፈርሱ የእነአሰፋች መደዳ ብቻውን ቀረ። ያ ሁሉ ጎረቤት «እንጠያየቃለን» ብሎ ተሳስሞ ሄደ፤ እስቲ ማን መጣ! ሁዳም ብትሆን ስድስት ወር ድምጿ ጠፍቶ ነበር። አሰፋች ጨጓራዋን እንደታመመች የሰማች ዕለት ነው ከከተማው ዳር፣ ከኮንዶሚኒየሟ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይራ ከነመድኃኒቷ ከች ያለችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልቀረችም። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያቺን በር ሌላ የሚያንኳኳት የለም።

«አንቺ! አንዱ ጫማሽ የታለ?»

አሰፋች ጎንበስ ብላ አየች። በሩን ልትከፍት ስትሄድ ሁለቱንም ተጫምታ ነበር። ግራው ወልቆ ደጃፉ ላይ ቀርቷል፤ በባዶ እግሯ ሲሚንቶውን ስትረግጥ አንዳች ነገር አልተሰማትም።

ሁዳ ጫማውን አመጣችና ተንበርክካ እግሯን ታሻሸው ጀመር። አሰፋች እጆቿን ታያቸዋለች እንጂ ሙቀታቸው አይደርሳትም።

«ደነዘዘብሽ እንዴ፣ አሱዬ?»

«ትናንት ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር...»

ሁዳ እግሯን እንደያዘች ቀና አለች። «እና? ምን አለሽ?»

አሰፋች ብርጭቆውን አነሳች። «ብርድ ነው አለኝ።»

«አላልኩሽም! ብርድን ከአጥንት ነቅሎ የሚያወጣው ይኸው የኔው ነው፤ አንሶሽ ነው እንጂ። ለመጪው ቅዳሜ ጠንከር አድርጌ አመጣልሻለሁ።»

አሰፋች በስመ አብ ብላ እስከ አተላው ጨለጠችው።

«አምጪልኝ» አለች አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ብቻ በጊዜ ነይ፣ ምሳም አብረን እንበላለን።»