የናርዶስ መብራት

ትርንጎ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለስ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። የመንደሩ መስኮቶች እንደ ወትሮው ደብዘዝ ብለዋል። የእሷ ቤት ብቻ ቦግ ብሏል።

«ዛሬስ ሰርግ ቤት አስመሰልሽው!» አሏት ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ከደጃቸው ሆነው።

ትርንጎ ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች። መብራት ከሰው ገላ መቀዳት ከጀመረ ወዲህ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ የተሸመኑት ዓይን የማያያቸው ክሮች የተኛውን ሰው ሙቀት እየሳቡ አምፖሉን ያበራሉ። የጤነኛ ልጅ ገላ ግን እንዲህ አያበራም።

ትልቋ ልጇ ሰናይት ለፈተና እያጠናች ነበር። «እማዬ፣ መብራቱ ዛሬ እንዴት ጎበዝ እንደሆነ! ሁለት ምዕራፍ ጨረስኩ።»

ትርንጎ አልጋ ላይ የተኛችውን የትንሿን ልጇን የናርዶስን ግንባር ዳሰሰች። እሳት ነው።

«እንዳትገልጪኝ» አለች ናርዶስ በደረቀ ከንፈሯ። «ሰኒ አልጨረሰችም።»

ሰናይት መጽሐፉን ዘጋችው። ደግማ ልታየው አልቻለችም።

ትርንጎ የደወለችላት ሐኪም፣ «የትኩሳት መድኃኒት ስጫት። ብርድ ልብሱንም አትግፈፊ፣ ትኩሳቱን ይስብላታል። ሲሻላት መብራቱ ይደበዝዛል» አለቻት።

ትርንጎና ሰናይት አምፖሉ ላይ አፍጥጠው ጨለማን ይለምኑ ጀመር። በመጨረሻ ብርሃኑ ደከም አለ።

«ተመስገን!» አለች ሰናይት።

ትርንጎ ግን መዳፏን ከናርዶስ ደረት ላይ አላነሳችም። ባለፈው ክረምት የራሷ እናት በሞተችበት ሌሊትም መብራቱ እንዲሁ ቀስ እያለ ነበር የደበዘዘው።