የማይሞቀው ምኞት

አስተማሪው ኦግንያን በየማክሰኞው የሚሰጠውን የቡድሃ የተመስጦ ትምህርት ሲጀምር አንድ ነገር አስጠንቅቆ ነበር። «የምትወዱትን ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡና ‹ሰላም ሁንልኝ› በሉት፤ ደረታችሁ ይሞቃል። ለሞተ ሰው ግን አትሞክሩት። አይሞቅም።»

ዝላትካ ከዚያ ወዲህ አንድም ማክሰኞ ቀርታ አታውቅም። ልጇ ከቫርና ወደብ በጭነት መርከብ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የገባበትን የሚነግራት አጥታለች። ስሙ ስቪለን ነው። ይህን ግን ለክፍሉ ሰው ለአንዱም አልተናገረችም፤ ስሙን ከጠራችው የምታጣው ይመስላታል። ቡድሃ ጉዳይዋ አልነበረም። የፈለገችው ያንን ሙቀት ብቻ ነው።

ዛሬም ሃያ ጊዜ ‹ሰላም ሁንልኝ› አለችው። ደረቷ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ።

ሁልጊዜ ከጎኗ የሚቀመጡት አሮጊት፣ እትዬ ቶዶርካ፣ ማልቀሷን ሰምተው ጠጋ አሏት። «በጣም ጨንቆሽ ነው እንጂ። እስቲ በእኔ ሞክሪው» አሏት በሹክሹክታ።

ሞከረች። ምንም የለም። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ደስ ደስ አላት። ለካስ ነገሩ ውሸት ነው። አጠገቧ ቁጭ ብለው የሚያወሯት ሴትዮ ካልሞቋት፣ ልጇም ባይሞቃት ሞቷል ማለት አይደለም።

ለማረጋገጥ በኦግንያን ሞከረችው፤ ደረቷ ሞቀ። ፊት ለፊቷ በተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ሞከረችው፤ ሞቀ። ተመልሳ በእትዬ ቶዶርካ ሞከረችው፤ አልሞቀም።

ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠች። አሮጊቷ እያዩዋት ነበር።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት። «አንቺ ጋ ባይሞቅም እኛ ጋ ይደርሳል። ስቪለንም ሞቀኝ ይላል።»