አቅም በዓይን ሲለካ

መንግሥት ቸር ነው፤ ከቀበሌያችን አሥር ድሃ አባወራዎች ያለ መዋጮ የጤና መድን ይሰጣቸዋል ተባለ። በዚያ የሐምሌ ብርድ ነዋሪው ሁሉ ለስብሰባ ተጠራ። የሰውን አቅም የሚለኩ ባለሙያም ከወረዳ መጡ፤ መሣሪያቸው ዓይናቸው ነበር።

ከቀበሌያችን ድሆች አንዱ የሆነ ሰው ነበር፤ የሚስቱ የስኳር መድኃኒት ካለቀ ሳምንት አልፎታል። እሱ የተቀደደ ሹራቡን ለብሶ ወደ ስብሰባው ሊወጣ ሲል ከተኛችበት ጮኸችበት።

"እንግዳ ፊት እንዲህ ሆነህ ልትቀርብ ነው? ብንደኸይ ክብር የለንም?"

እውነቷን ነው ብሎ ጎረቤታቸው፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ወንድይፍራው ዘንድ ሄደ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ የለበሱትን ኮት ከላያቸው አውልቀው፣ "እንካ ልጄ፣ ጎረቤት ለመቼ ነው?" አሉት።

ባለሙያው ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "እርስዎ ደግሞ ምን ጎደለዎት? የድሃ ድርሻ ሲሻሙ አያፍሩም?" ብለው ስሙን ሰረዙት። ኮቱ የማን እንደሆነ ተሰብሳቢው ሁሉ ያውቃል፤ ግን በተዋሰው ልብስ ሰውን በአደባባይ ማዋረድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሰውዬውም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

አሥረኛው ቦታ ክፍት ቀረ። ባለሙያው ዓይናቸውን ሲያንከራትቱ፣ ጥግ ላይ በሸሚዝ ብቻ ተኮራምተው የሚንቀጠቀጡ አንድ አዛውንት አዩ። ብዕራቸውን አነሱ።

"አባቴ፣ ማን ልበል?"

"ወንድይፍራው" አሉ አዛውንቱ፣ ብርዱ ጥርሳቸውን እያንገጫገጨው።