ከኋላ የተሣለችው ሴት

ጩኸቴ እናቴን ሰላቷ ላይ እንዳይረብሻት አፌን በትራስ አፈንኩት። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት እናቴ ናት። ወላሂ እናቴ ናት!

ቴሌግራም ላይ «ግድግዳ» የሚባል ቻናል አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን አዲስ ሥዕል፣ ለሽያጭ የቀረበ ህትመት፣ የሠዓሊውን ስም እየጠቀስኩ እለጥፋለሁ። ሰው አይቶ ይገዛል፣ እኔ የሣልኩት ይመስል እኩራራለሁ። ዛሬ የደረስኩበት ገጽ «ከኋላ» ይባላል። ኤልናታን የሚባል ልጅ የሣላቸው ሰዎች በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ከሥር አስተያየት ሰጪው ይፈላሰፋል፤ አንዱ የከተማ ብቸኝነት ነው ይላል፣ አንዷ ደግሞ ትውልዱ ፊቱን አጥቷል ብላ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋለች። ሳቄ መጣ። እነዚህ ሰዎች ጠዋት ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ቆመው አያውቁም ማለት ነው። የታክሲ ሰልፍ ነው እኮ! ሰልፍ ላይ ሰው ከፊቱ ከቆመው ጀርባ ሌላ ምን ያያል?

እየሳቅኩ ወደ ታች ስወርድ ነው እሷን ያገኘኋት። ቡኒ ሻርፕ፣ ትከሻዋ ላይ የጨርቅ ጥቅል፣ ማጅራቷ ላይ ሻርፑን የያዘ ባለ አረንጓዴ ራስ መርፌ ቁልፍ። ያ መርፌ ቁልፍ ወንድሜ ኑሕ ሕፃን ሳለ የሽንት ጨርቁ ይያዝበት የነበረ ነው። ኑሕ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ መርፌ ቁልፉ ግን ጡረታ አልወጣም። እናቴ አየር ጤና ወዳለው ሱቋ ያለ እሱ ሄዳ አታውቅም።

ለኤልናታን ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰልኝ። ሴትየዋን አያውቃቸውም፤ ከኋላቸው ተሰልፎ ነው የሣላቸው። እናቴ ከሆኑ ህትመቷን በስጦታ እንደሚሰጠኝ፣ እሳቸው ካልወደዷት ግን ከገጹም እንደሚያነሳት ነገረኝ። በደስታ ሶፋው ላይ ዘለልኩ። ከዚያ «ካልወደዷት» የምትለዋን ደግሜ አነበብኩና ቁጭ አልኩ።

እናቴ ሥዕል ግድግዳዋን አታስነካም። ሰላት የሚሰገድበት ክፍል ውስጥ ፊት ያለው ነገር አይሰቀልም፤ አለቀ። በራሴ ገንዘብ የገዛኋቸው ህትመቶች እንደተጠቀለሉ አልጋዬ ሥር ናቸው። የስንቱን ሰው ቤት ሳስጌጥ የእኛ ግድግዳ ላይ ያለው የቆመ ሰዓት ብቻ ነው። ይቺን ግን አልጋ ሥር መክተት አንጀቴ አይችልም።

ሰላቷን ጨርሳ መስገጃዋን ስታጥፍ ስልኩን አስጠጋሁላት።

«ፊት የላትም እማዬ» አልኩ፣ ገና ሳትጠይቀኝ።

መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየች።

«ማናት?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንደ ምንም ዋጥኩት። ለካ ሰው የገዛ ጀርባውን አያውቀውም።

«እናቴን ትመስላለች» አለች ቀስ ብላ። «ትከሻዋ። እንዲህ ወደ ግራ ዘመም ትል ነበር፣ አላህ ይዘንላትና። ውሃ ተሸክማ ተሸክማ ነው።»

ትልቅ አድርጊልኝ አለችኝ። በሁለት ጣቴ አተለቅኩላት። ጥቅሉ መጣ፣ ሻርፑ መጣ፣ አረንጓዴው መርፌ ቁልፍ መጣ።

እጇ ከጭኗ ላይ ተነስቶ ወደ ማጅራቷ ሄደ። መርፌ ቁልፉን ዳሰሰው፤ እዚያው ቀረ።

ያኔ አላስችል አለኝ። ማን እንደሣላት፣ የት እንደቆመ፣ እምቢ ካለች እንደሚጠፋ፣ እሺ ካለች ቻናሌ ላይ ልለጥፋት እንደፈለግኩ በአንድ ትንፋሽ አወራሁላት። ስንት ሰው ያይሻል ስላት በየቀኑ ሰልፍ ላይ ያዩኝ የለም ወይ አለችኝ። ከስልኩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

ቆይታ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«ያንን ሰዓት አውርጂው» አለች፣ እጇ መርፌ ቁልፉ ላይ እንዳለ። «ምስማሩን ግን እንዳትነቅይው።»