የዘበኛው ሦስተኛ ጥምቀት

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበር። ቢሮ በላይ በላዩ ይከፈታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከቢሮም ይፈጥናል። ባሮ ዳር አራት ቆርቆሮ ያቆመ ሁሉ እሁድ እሁድ ያጠምቃል፣ ለተጠመቀውም ነጭ ሸሚዝ ይሰጣል። ጤና ረዳቱን ወንዳፍራሽን ያንገፈገፈው ይኸው ሸሚዝ ነበር።

ወንዳፍራሽ ደገኛ ነው። ክርስትና የተነሳው ባርባ ቀኑ ነው። እሱ በእቅፍ ሲያለቅስ የክርስትና አባቱ በሱ ፈንታ ሰይጣንን ካደለት፣ በሱ ፈንታ አምናለሁ አለለት፤ አለቀ። ሰው ከናቱ ሆድ ደጋግሞ እንደማይወጣ ሁሉ ጥምቀትም አትደገምም። ይህን የማያውቅ ሰው ያስጠላዋል፤ እያወቀ የሚቀልድ ደግሞ ምግብ ያስጠላዋል።

የክሊኒኩ ዘበኛ ቦት አጭር፣ ዝምተኛ የኑዌር ሰው ነው። አንድ እሁድ ከድልድዩ ሥር ለመጠመቅ ከተሰለፉት መሃል ቆሞ ወንዳፍራሽ አየው። አጥማቂው ስሙን ሲጠይቀው ቦት ጮክ ብሎ «ኮአንግ» አለ። የክርስትና ስም አውጥተውለት ይሆናል ብሎ ወንዳፍራሽ አለፈው። ያላለፈው ሸሚዙን ነው። ቦት በልኩ የሰጡትን መልሶ ትልቁን ለመነ፤ ቢለብሰው ጉልበቱን የሚያልፍ። ሰኞ ግን ሥራ የገባው በዚያው በተቀደደው ካኪው ነበር።

«ሊሸጠው ነው» አለ ወንዳፍራሽ በልቡ።

ከዚያ ለክትባት ኢታንግ ወረደ። ቦት የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ፈቃድ ወስዶ ነበርና ወንዳፍራሽ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ሆኖ ወንዙን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። ያው ቦት፣ ያው ባሮ፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን። ስሙን ሲጠይቁት መኪናው ድረስ በሚሰማ ድምፅ «ጋች» አለ። አሁን ደግሞ ጠበብ ያለ ሸሚዝ መረጠ። ወንዳፍራሽ አፉ መረረውና በመስኮቱ ምራቁን ትፍ አለ። ከብት የሚጠጣውን፣ ሸክላ የሚታጠብበትን ድፍርስ ውሃ እንኳ ችሎ ነበር፤ እግዚአብሔርን እንደ ራሽን ተሰልፎ መቀበል ግን ከጭቃውም የባሰ ቆሻሻ ሆነበት።

ከተማ እንደተመለሰ ነገሩን ሊያጣራ ተነሳ። ቦት ማታ ማታ የሚገባበት ጎጆ ከገበያው ጀርባ መሆኑን ሰው ነገረው። ሄደ። ኛሩዋይ የምትባል ሴት ከልጆቿ ጋር ደጅ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ትልቁ ሸሚዝ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ገዢ እየጠበቀ መሆን አለበት።

የቦት ሚስት መሆኗን ጠየቃት።

«የኮአንግ ነኝ» አለች ቀና ሳትል።

«ልጆቹስ?»

«የኮአንግ።»

ወንዳፍራሽ ሌላ አልጠየቀም። ሰውየው በየውሃው ብቻ ሳይሆን በየቤቱም ስም ይቀያይራል ማለት ነው። ምስኪን ሴት፣ የልጆቿን አባት ስም እንኳ አታውቅም። ኢታንግም አንዷን «የጋች ነኝ» የምትል አስቀምጧል፤ ይሄ መጠየቅም አያሻው። ያን ቀን ቦት የክሊኒኩን በር ሲከፍትለት እጁን እንዳይነካው ራቅ ብሎ ገባ።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን አዲስ የተተከለው የፓስተር ጋትሉዋክ ነው። ፓስተሩ ቀልድ አያውቅም። በውሃው የቀለደ ሰው በሕዝብ ፊት ይባረራል፣ ምእመን አብሮት ማዕድ አይቆርስም ብሎ አስጠንቅቋል። ቦት እዚያ እንደተመዘገበ የሰማው ወንዳፍራሽ ልቡ ረካ። እሁድ ያዋርደዋል፤ ሰኞ ከዘበኝነቱ ያባርረዋል። አጭበርባሪ የመድኃኒት ቤት በር አይጠብቅም።

እሁድ ደረሰ። ቦት ባሮ ውስጥ ደረቱ ድረስ ገብቶ ቆሟል። ፓስተሩ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ስሙን ጠየቀው።

«ኩዌት።»

ወንዳፍራሽ ጫማውን ሳያወልቅ ጭቃው ውስጥ ገባ።

«ፓስተር፣ ይሄ ሰው ቦት ነው፤ የኛ ዘበኛ። ድልድዩ ሥር ኮአንግ ነኝ ብሎ፣ ኢታንግ ጋች ነኝ ብሎ ተጠምቋል። የሚፈልገው ሸሚዙን ነው።»

ዝማሬው ተቋረጠ። አንዲት አሮጊት ፊቷን አዞረች። ፓስተር ጋትሉዋክ እጁን ከቦት አናት ላይ አነሳና ከሳሹም እንዲሰማ በአማርኛ እውነት መሆኑን ጠየቀው።

«እውነት ነው» አለ ቦት።

አለማፈሩ ወንዳፍራሽን ከሁሉ ይበልጥ አስጠላው።

«አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጠመቀው?» አለ ፓስተሩ።

ቦት መጀመሪያ ፓስተሩን፣ ቀጥሎ ወንዳፍራሽን አየ።

«አንድ ጊዜ ነው፣ ዶክተር። ኮአንግ ታላቄ፣ አንድ ጊዜ። ጋች ቀጥሎ፣ አንድ ጊዜ። ዛሬ ኩዌት። ሦስቱም ይሄ ጥምቀት ሳይመጣ ጦርነት ላይ ቀሩ። እኔ የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ገና አልተጠመቅሁም።»