የወዲያኛው ጫፍ

ስኩተሩ ጠዋት አልነሳ ሲለው፣ መካኒኩ ካርቡሬተሩን ፈትቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሟች ታናሽ ወንድሙ "ካርቡሬተር ማለት አየርንና ቤንዚንን የሚያጋባ ሽማግሌ ነው፤ ጉሮሮው ከተዘጋ ሰርግ የለም" ይል ነበር። ያኔ ጽዳቱ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ታላቁ የቤንዚን መግቢያውን በአፉ ይነፋል፤ ታናሹ መውጫው ላይ መዳፉን ደቅኖ "ይወጣል!" ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብሎ በአውራ ጣቱ ይደፍነውና፣ የወንድሙ ጉንጭ እንደ ፊኛ ሲወጠር በሳቅ ይንከተከታል።

ከቀብሩ ወዲህ መፍቻ የሚያቀብለውም ሆነ "በላህ ወይ?" የሚለው የለም።

ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጠበ፤ ደለሉን በቀጭን ሽቦ ጠርጎ አወጣ። ወደ ብርሃን አንስቶ ቢያየው ቀዳዳው ከዳር እዳር ወለል ብሎ ታየው። አፉን ገጥሞ ነፋ። አየሩ አላልፍ አለ። መልሶ አየው፤ ክፍት ነው። መልሶ ነፋ፤ ጉንጩ ተወጥሮ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ተው እንጂ አንተ!" አለ ሳያስበው፣ እንደ ድሮው።

ቀዳዳው ወዲያው ለቀቀ፤ ትንፋሹ ሽው ብሎ ወጣ።

መካኒኩ አፉን አላቀቀ። ከዚያ ካርቡሬተሩን ቀስ ብሎ አዞረና፣ ታናሹ ያደርግ እንደነበረው፣ መዳፉን መውጫው ላይ ደቀነ። በወዲያኛው ጫፍ ባዶ በረንዳ ብቻ ነበር።

ሞቅ ያለ ትንፋሽ መዳፉ ላይ አረፈ፤ ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆም አለ።